ቤታችሁ ላለው ዴስክቶፕ የሚሆኑ ፕሮግራሞች፤ ከአንድ ኮፒ ቤት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁን በየሳምንቱ አነባለሁ፣ ደንበኛ እስኪመጣ ከፊት ገጹ እስከ ማስታወቂያው ድረስ ነው የማነበው። ስለ ሞባይል አፕ ብዙ ጊዜ ትጽፋላችሁ፣ ደግ ነው፣ ስለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ግን የሚያወራ ሰው ጠፍቷል፣ እንደ ሞተ ነገር ነው የተቆጠረው። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፊቱ ነው የምቀመጠው። ደብረ ብርሃን ላይ ኮፒ ቤት አለኝ፣ ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ሲቪ እናዘጋጃለን፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እናስተካክላለን፣ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ስካን፣ ላሚኔት፣ ያው እንደምታውቁት ነው። ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ፣ በነዚ ዓመታት ያየሁት ምንድነው፣ ሰው ብዙ ሺህ ብር አውጥቶ ኮምፒውተር ይገዛና ዎርድ ይጽፍበታል፣ ፊልም ያይበታል፣ በቃ። የቀረው ጉልበቱ ሳይነካ ያረጃል። ይሄ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል፣ ለዛ ነው ዛሬ ብዕር ያነሳሁት።

እኔ ጋ ለምክር የሚመጡት ዴስክቶፖች አብዛኞቹ ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ ሲሠሩ ቆይተው ዩዝድ ሆነው የገቡ ናቸው፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ፣ ፕሮሰሰራቸው አራተኛ ጀነሬሽን ስድስተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ምናምን። ባለቤቱ «ይሄማ አርጅቷል፣ ሊሸጥ ነው» ይላል። ሲፒዩውን ከፍተን ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ማስቀመጫ ስንቀይርለት፣ ራሙን 8 ጊጋ ስናደርገው፣ ከዛ ደግሞ የማይረባውን ፕሮግራም አራግፈን የሚረባውን ስንጭንበት ያው ኮምፒውተር ሌላ ይሆናል። ስለ ዕቃው ሌላ ጊዜ፣ ዛሬ ስለ ፕሮግራሞቹ ላውራ። የምጠራቸው ሁሉ ሱቄ ውስጥ በየቀኑ የምሠራባቸው ናቸው፣ ለግል መጠቀሚያ አንዱም ገንዘብ አያስከፍልም።

ከሁሉ በፊት ግን አማርኛ አጻጻፋችን መስተካከል አለበት፣ ይሄ ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ለምን እንደምል ልንገራችሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ አባት መጡ፣ የእድራቸው ጸሐፊ ናቸው፣ እድሜያቸው ሰባን ሳያልፍ አይቀርም። ፍላሹን በመሀረብ ጠቅልለው ከውስጥ ኪሳቸው አወጡት። የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ አለበት፣ ከብዙ ዓመት በፊት ያስጻፉት፣ አሁን ሁለት አንቀጽ ተሻሽሎ እንደገና እንዲታተም ጉባኤው ወስኗል። ከፈትኩት። 22 ገጽ ሙሉ የፈረንጅ ፊደል፣ ጭረት፣ የዶላር ምልክት፣ ነጠላ ሰረዝ፣ አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩት፣ «ልጄ፣ ቫይረስ በላው?» አሉኝ። ቫይረስ አይደለም ጋሼ፣ አልኳቸው። ድሮ አማርኛ ይጻፍባቸው የነበሩት ፕሮግራሞች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ወስደው በላዩ ላይ የአማርኛ ቅርጽ ያለብሱት ነበር፣ ያ የፊደል ፋይል ያለበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ይመስላል፣ የሌለበት ላይ ግን ልብሱ ይወልቅና ከስር ያለው ብቻ ይቀራል። ጋሼ ደግነቱ በወረቀት የታተመውን አንድ ኮፒ ቤታቸው አስቀምጠውት ነበር፣ እሱን አምጥተውልኝ ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው፣ እሳቸው እያነበቡ እኔ እየጻፍኩ። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ደንብ ለማውጣት ሌላ አድካሚ ሥራ ነበር የሚጠብቀን።

ይሄ ችግር መፍትሔው ከተገኘ ቆየ እኮ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ዩኒኮድ ማለት ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቋሚ ቁጥር አለው ማለት ነው፣ «ሀ» የትም ዓለም፣ በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ላይ «ሀ» ናት። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ሲወጣ ኒያላ የምትባለውን ፊደልና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ ነው የመጣው። ግን እስከ ዛሬ ድረስ በድሮው አጻጻፍ የተጻፈ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤት ይዘው የሚመጡ አሉ፣ ከለመዱት መውጣት ከብዷቸው ነው መሰለኝ።

ስለዚ የመጀመሪያው ምክሬ ኪማን ነው። ኪማን የቋንቋ ኪቦርድ መጫኛ ነው፣ ድሮ ይሸጥ ነበር አሁን ነፃ ነው፣ ውስጡ ለአማርኛ ብቻ ሳይሆን ለትግርኛም ለግዕዝም ለሌሎች ያገራችን ቋንቋዎችም ኪቦርድ አለው። አጻጻፉ በድምፅ ነው፣ ኤስ እና ኢ ስትነኩ «ሰ»፣ ኤል እና ኤ ስትነኩ «ላ»፣ ኤም ብቻ ስትነኩ «ም»፣ «ሰላም» ወጣ ማለት ነው። ሺፍት ይዛችሁ ቲ ስትሉ «ጥ»፣ ሲ ስትሉ «ጭ»። በስልካቸው አማርኛ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻጻፉ የኖሩ ልጆች በአንድ ከሰዓት ይለምዱታል፣ አይቻለሁ። ኪማን መጫን ያልፈለገ ደግሞ ዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ቋንቋ ላይ አማርኛን ይጨምር፣ ከዛ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ስፔስን አንድ ላይ ሲነካ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይቀየርለታል። ብዙ ሰው «ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ጠፋች» እያለ ይመጣብኛል፣ አልጠፋችም፣ አማራጭ ውስጥ ነው ያስገቧት፣ ኦፕሽናል ፊቸርስ የሚለው ውስጥ የኢትዮፒክ ፊደሎች የሚለውን መርጦ መጫን ነው። ለፕሪንት ግን እኔ አቢሲኒካንና የኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን እመርጣለሁ፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ወረቀት ላይ ሲወጡ ዓይን አያደክሙም።

በዩኒኮድ መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚለኝ ሰው ስላለ አንድ ነገር ላሳይ። ኤቭሪቲንግ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ መጠኑ 2 ሜጋባይት እንኳን አይሞላም። ሥራው አንድ ነገር ነው፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ፋይል ሁሉ በስም መፈለግ። የዊንዶውሱ መፈለጊያ ሲያስብ ሲያስብ ይቆያል፣ ይሄኛው ግን ገና ፊደል ስትጽፉ ዝርዝሩ እያጠረ ይሄዳል፣ «ውክ» ስትሉ ውክልናዎቹ በሙሉ፣ «ውክልና መኪና» ስትሉ የመኪና ውክልናዎቹ ብቻ። ሱቄ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ላይ ከ40 ሺህ በላይ ፋይል አለ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ያስጻፈ ሰው መጥቶ «እትዬ ያቺ ማመልከቻ ትኖር ይሆን?» ሲለኝ ድሮ ግማሽ ቀን ፎልደር ለፎልደር ስዞር ነበር የምውለው፣ አሁን ሰውየው ወንበር ሳይስብ ተገኝታ ፕሪንተሩ ውስጥ ናት። ፋይላችሁን ግን በሚገባ ስም ሰይሙ፣ በአማርኛ ሰይሙ፣ «ኒው ዶክመንት 7» ብላችሁ ካስቀመጣችሁት የትኛውም ፕሮግራም አያድናችሁም፣ ኤቭሪቲንግ የሚፈልገው ስሙን ነው፣ ውስጡ የተጻፈውን አይደለም።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ ልቤን የነካውን ልንገራችሁ። አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ አለ፣ ሕግ ነው የሚያጠናው፣ በየሳምንቱ እየመጣ ወረቀት አንብቡልኝ ይለን ነበር። እኛም ሥራ ሲቀዘቅዝ ሠራተኛዬ ታነብለት ነበር፣ ደንበኛ ሲመጣ ታቋርጠዋለች፣ እሱ ዝም ብሎ ጥግ ላይ ይጠብቃል። ልጁ ላፕቶፕም ዴስክቶፕም መንካት ይችላል፣ ትምህርት ቤት ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ለምዷል፣ ግን እሱ የለመደው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ኤንቪዲኤ የሚባለውን ጫንኩለት። ኤንቪዲኤን የጀመሩት ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን ናቸው፣ ማይክል ከራን እና ጄምስ ቴ፣ ከ2006 ጀምሮ ነው ሲሠሩት የኖሩት፣ ሌሎቹ የማንበቢያ ፕሮግራሞች ዋጋቸው ስለማይቀመስ ማንም ዓይነ ስውር ሳይከፍል እንዲያገኘው ብለው ነው። ውስጡ ያለው የድምፅ መሣሪያ ኢስፒክ ይባላል፣ ድምፆቹ ዝርዝር ውስጥ ወርዳችሁ ስትፈልጉ አማርኛ አለ። መረጥኩት። አንድ የፍታብሔር ክስ በዩኒኮድ ተጽፎ ነበር፣ ከፈትኩትና ኢንሰርትን ይዘህ ወደ ታች ቀስቱን ንካ አልኩት። ነካ። ማሽኑ በዛ በደረቅ ድምፁ «ከሳሽ» ብሎ ጀመረ። ልጁ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አደረገና እስከ መጨረሻው ድረስ ሳይንቀሳቀስ አዳመጠው፣ ከዛ «እትዬ፣ እንደገና ከላይ» አለኝ።

ድምፁ እንደ ሰው አይደለም፣ እውነቱን ልናገር። የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፣ «አለ» ሲል መኖሩን ይሁን መናገሩን ከዐረፍተ ነገሩ ነው የምትረዱት፣ ጽሑፋችን ራሱ ስለማያሳየው ማሽኑ ከየት ያምጣው። ልጁ ግን በሁለት ሳምንት ለመደው፣ አሁን እኔ መስማት በማልችለው ፍጥነት ነው የሚያዳምጠው። ዋናው ነገር በድሮው አጻጻፍ የተጻፈውን ግን ማንበብ አይችልም፣ እዛ ላይ የሚሰማው ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ስካን ተደርጎ እንደ ፎቶ የተላከውንም አይችልም። እናንተ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያላችሁ ሰዎች፣ መምህራን፣ ሃንድአውት የምታዘጋጁ፣ እባካችሁ በዩኒኮድ ጻፉና ዋናውን ፋይል ስጡ፣ አንድ ልጅ ሰው ሳይለምን እንዲያነብ ታደርጋላችሁ።

ስካን የተደረገውን ወደ ጽሑፍ ለመመለስ ናፕስ ቱ የሚባል አለ። እኔ በመጀመሪያ የጫንኩት ስካነሩ ሃያ ገጹን ሃያ ፋይል አድርጎ ሲያወጣብኝ ነው፣ ናፕስ ቱ ሁሉንም ሰብስቦ አንድ ፒዲኤፍ ያደርገዋል፣ የተገለበጠውን ያዞራል፣ ገጽ ያቀያይራል። በኋላ ነው ኦሲአር፣ ማለትም ፎቶ ላይ ያለውን ፊደል ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ነገር፣ እንዳለው ያየሁት፣ ቋንቋ ምረጥ ሲል አማርኛን መረጥኩና ጠብቄ ሳይ ከፒዲኤፉ ውስጥ የአማርኛ ቃል ኮፒ ማድረግ ተቻለ። ከስር የሚሠራለት ቴሰራክት የሚባለው ነው። ጥርት ባለ ሕትመት ላይ ጥሩ ይሠራል፣ በእጅ ጽሑፍና በደበዘዘ ኮፒ ላይ አትድከሙ፣ «ሰ»ን እና «ስ»ን «በ»ን እና «ቡ»ን ያምታታል፣ ስለዚ ዓይን ማለፍ አለበት።

መብራት። ዴስክቶፕ ባትሪ የለውም፣ መብራት ሲሄድ ያልተቀመጠው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። አንዲት ተመራቂ እኔ ሱቅ ቁጭ ብላ ራሷ ስትጽፍ ነበር፣ ከምሳ ጀምሮ ሳታስቀምጥ፣ ልክ 10 ሰዓት ላይ ጭልም አለ። ስክሪኑ ላይ የነበረው የምዕራፍ አራት ትንታኔዋ ነው። አላለቀሰችም ግን ፊቷ አሁንም ይታየኛል፣ መብራት ሲመጣ ፕሮግራሙ ያስቀረላት ከግማሽ በታች ነበር። ከዛ ቀን በኋላ ሱቁ ውስጥ ያሉትን ሁሉንም አስተካከልኩ። ዎርድም ሊብሬኦፊስም ለድንገት ብለው የሚያስቀምጡት በየ10 ደቂቃው ነው፣ ፈጣን ጸሐፊ በ10 ደቂቃ አንድ ገጽ ያስኬዳል፣ ወደ 1 ወይ 2 ደቂቃ አውርዱት። ዎርድ ላይ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ። ሊብሬኦፊስ ላይ ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ሎድ ሴቭ፣ ጀነራል፣ እዛው ላይ ሁልጊዜ ባክአፕ ኮፒ (መጠባበቂያ ቅጂ) ሥራ የሚልም አለ እሱንም ምልክት አድርጉበት። ያም ሆኖ ኮንትሮል ኤስ እጃችሁ ላይ ይልመድ። ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን ባትሪ፣ መግዛት የቻለ ይግዛ፣ አምስት ደቂቃም ትሁን አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት ትበቃለች።

ሊብሬኦፊስን ከጠራሁት ላይቀር ስለ ክራክ፣ የሚሸጥ ፕሮግራም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ስለሚያደርገው ነገር፣ ልናገር፣ እዚህ ላይ ሰው ቅር ቢለውም እናገራለሁ። ሰው ኮምፒውተር ፎርማት ሲያስደርግ ኦፊስ ተጫነ ይባላል፣ አክቲቬተር ተደረገለት ይባላል፣ አክቲቬተሩ ከመሥራቱ በፊት ምን ይላል፣ አንቲቫይረሱን አጥፋ ይላል። እስቲ አስቡት፣ አንድ የማታውቁት ሰው ቤታችሁ መጥቶ መጀመሪያ ውሻውን እሰሩልኝ ቢላችሁ ታስገቡታላችሁ? እኔ አስገብቻለሁ። ከአምስት ዓመት በፊት ነው፣ የዲዛይን ፕሮግራም ክራክ ከማላውቀው የቴሌግራም ቻናል አውርጄ ጫንኩ፣ ማታ ዘግቼ ሄድኩ፣ ጠዋት ስመጣ የፋይሎቹ ስም ሁሉ ጫፉ ላይ አራት የማላውቃቸው ፊደላት በቅለውበታል፣ አንዱም አይከፈትም፣ የሠርግ ፎቶ፣ ውክልና፣ የተማሪ ጽሑፍ፣ ሁሉም። በየፎልደሩ አንድ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል፣ መክፈቻውን ከፈለግሽ 980 ዶላር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ካናገርሽን 490 ይላል። አልከፈልኩም፣ ከየት አምጥቼ። ዲስኩ ላይ የነበረው የስድስት ዓመት ሥራ ሄደ። ደንበኞቼን አንድ በአንድ እየደወልኩ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ከዛ ወዲህ ሱቄ ውስጥ ክራክ የለም። ሊብሬኦፊስ ከ300 ሜጋባይት ትንሽ የሚበልጥ ነው፣ አንዴ አውርዳችሁ ለመቶ ኮምፒውተር ይበቃል። ራይተር እንደ ዎርድ ነው፣ ካልክ እንደ ኤክሴል፣ ኢምፕረስ እንደ ፓወርፖይንት። በ2010 ከኦፕንኦፊስ ተገንጥሎ የወጣ ነው፣ በየጊዜው ይታደሳል። የዎርድ ፋይል ይከፍታል፣ በዎርድ ዓይነትም ያስቀምጣል። ችግር የለውም አልልም፣ ሰንጠረዥ የበዛበት የዎርድ ፋይል አንዳንዴ መስመሩ ይንሸራተታል፣ ስለዚ ለማሳተም የምትልኩትን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ፣ ፒዲኤፍ ማድረጊያው ላዩ ላይ አለ አንድ ጊዜ መንካት ነው። ለፎቶ ጊምፕ አለ፣ ለአርማና ለባነር ኢንክስኬፕ አለ፣ ኢንክስኬፕን መልመድ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል ግን አሁን ማህተም ሲቀረጽም ሎጎ ሲወጣም በሱ ነው። አንቲቫይረስ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ያለው ዲፌንደር ይበቃል፣ ብቻ አታጥፉት።

ባክአፑን በፍሪፋይልሲንክ ነው የማደርገው፣ በግራ ሱቁ ያለው ፎልደር በቀኝ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ልዩነቱን ያሳያችኋል፣ ከዛ አዲሱን ብቻ ይገለብጣል፣ በየማታው ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ሲጨርስ ሃርድ ዲስኩን ንቀሉት! ተሰክቶ ከዋለ እንደዛ ዓይነቱ ቫይረስ ሲመጣ እሱንም አብሮ ነው የሚቆልፈው። የኔ ወደ ቤት ይሄዳል፣ ቁምሳጥን ውስጥ ነው የሚያድረው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ሰቨንዚፕ የተጠቀለለውን ሁሉ ይፈታል፣ ራሩንም ዚፑንም፣ ግዙኝ እያለ አያስቸግርም፣ 1 ሜጋ ተኩል ነው። ቪኤልሲ ያልከፈተው ቪዲዮ እስካሁን አላየሁም፣ ፓሪስ አጠገብ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች በ1996 የጀመሩት ነው፣ የመንገድ ሥራ ላይ የሚቆመው ብርቱካንማ ቆብ ነው ምልክቱ። ሱማትራ ፒዲኤፍ ለደካማ ኮምፒውተር ነው፣ 600 ገጽ መጽሐፍ ወዲያው ነው የሚከፍትላችሁ። ዊዝትሪ ሲ ድራይቩ ቀይ ሲሆን ማን እንደሞላው በሳጥን በሳጥን ያሳያል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳናውቀው የወረደ ቪዲዮ ነው። ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ፋይል ለመላክ ሎካልሴንድ፣ ሁለቱም አንድ ዋይፋይ ላይ ወይ አንዱ ሆትስፖት ላይ ይሁኑ እንጂ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ካርድ አይበላም፣ አንድሮይድም አይፎንም ላይ ይሠራል፣ እኔ ጋ ፍላሽ የሚሰካው ሰው በግማሽ የቀነሰው በሱ ነው፣ ፍላሽ ሲቀንስ ደግሞ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስም ቀነሰ። ሁለት የዊንዶውስ ነገር ደግሞ ምንም ሳትጭኑ፣ የዊንዶውስ ቁልፍና ቪ ስትነኩ ከዚህ በፊት ኮፒ ያደረጋችኋቸው በዝርዝር ይመጣሉ፣ መጀመሪያ አብራው ይላችኋል አብሩት። ሌላው በስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሙ ሰዎች ኔትወርኩ ላይ ገብታችሁ ሜተርድ ኮኔክሽን የሚለውን አብሩ፣ አለበለዚያ ዊንዶውሱ ራሱን ሲያድስ ፓኬጃችሁን ጠዋት ጀምሮ ምሳ ሳይደርስ ይጨርሰዋል።

ልጆች ላሉበት ቤት ደግሞ ኪዊክስን ልለምናችሁ። ኪዊክስ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚከፍት ነው፣ ከ2007 ጀምሮ ያለ ነው፣ አንድ ጊዜ ፋይሉን ማውረድ ነው ከዛ መብራት እስካለ ድረስ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ጉዳያችሁ አይደለም። የእንግሊዝኛው ሙሉው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፣ ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሌሊት አስጀምሮ ነው እንጂ በካርድ አይሞከርም፣ ግን ተመርጠው የተቀነሱ፣ ሥዕል የሌላቸውም አሉ። የአማርኛው ትንሽ ናት፣ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ብቻ ነው ያላት፣ ፍላሽ ላይ ትገባለች። የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሙከራ በስክሪን ላይ የሚያሠራውም ፌት የሚባለው በኪዊክስ ይከፈታል፣ ላብራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከከተማ ወጣ ብላ የምታስተምር አንዲት መምህርት በኤክስተርናል ገልብጬላት ወስዳ ትምህርት ቤቱ ላይ ባሉት አራት ኮምፒውተሮች ላይ ጭናዋለች፣ ኢንተርኔት ገብቶ የማያውቅበት ቦታ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ደውላ «ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ክፍሉን አልለቅ አሉኝ» ስትለኝ የዛን ቀን ሥራ አልሠራሁም፣ በደስታ።

የቀረኝ የዊንዶውስ 10 ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን ከጥቂቶች በቀር በይፋ አይቀበልም፣ ቲፒኤም 2 የሚባለውን የደህንነት ቺፕም ይፈልጋል፣ ስለዚ ከላይ የጠራኋቸው አራተኛና ስድስተኛ ጀነሬሽኖቹ ዴስክቶፖች ውጭ ቀሩ። ይሄን ሰምተው ኮምፒውተራቸውን በርካሽ ሊሸጡ የመጡ ሰዎች አሉ። አትሽጡ። በዊንዶውስ ቦታ የሚገባውን ነፃ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን፣ ጫኑበት፣ መልኩ ከዊንዶውስ ብዙ አይርቅም፣ ሊብሬኦፊስ አብሮት ይመጣል፣ ቪኤልሲም ኪዊክስም ኪማንም እዛ ላይ አሉ፣ ኤንቪዲኤ ግን የዊንዶውስ ብቻ ነው፣ እዛ ኦርካ የሚባል ሌላ አንባቢ ነው ያለው። የሱቄ ሁለተኛ ኮምፒውተር ሚንት ላይ ከሆነ ስምንት ወር አለፈው፣ ሠራተኛዬ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አኩርፋብኝ ነበር፣ አሁን ወደዛኛው ኮምፒውተር ነው የምትሮጠው። ፕሪንተራችሁ እንደሚሠራ ግን መጀመሪያ ከፍላሽ አስነስታችሁ ሳትጭኑት ሞክሩ፣ እንደዛ መሞከር ይቻላል፣ ዲስካችሁን አይነካም።

አዘጋጆች፣ አንድ ልመና አለኝ። ከጋዜጣችሁ ላይ በሳምንት ሩብ ገጽ ለኮምፒውተር ስጡን፣ አንድ ሳምንት አንድ ፕሮግራም፣ ከየት እንደሚወርድ፣ ስንት ሜጋ እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚጫን። የሚጽፍ ካጣችሁ እኔ እጽፋለሁ፣ ክፍያ አልፈልግም።

ለአንባቢዎች ደግሞ፣ ከላይ የጠራኋቸውን አብዛኞቹን ፕሮግራሞች ለሌላ ሰው ገልብጦ መስጠት አይከለከልም፣ ፈቃዳቸው ላይ ተጽፏል። የሚፈቀዱትን ከየራሳቸው ድረ ገጽ አውርጄ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ፣ በየወሩ አድሳቸዋለሁ። ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያላችሁ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ በነፃ እገለብጥላችኋለሁ። 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል፣ ኪዊክስን ከነእንግሊዝኛው የሚፈልግ ግን ሃርድ ዲስክ ይዞ ጠዋት ይምጣና ከሰዓት ይውሰደው፣ መገልበጡ ጊዜ ይፈልጋል። እሁድ ዝግ ነን።

አክባሪያችሁ
የኮፒ ቤት ባለቤት፣ ከደብረ ብርሃን